የዋይፋይ እቁብ

የናቲ አጎት አፉን እንደከፈተ ቀረ። ፊቱ ስልኩ ላይ ተቆራርጦ አንድ ዓይኑ ብቻ ጥርት ብሎ ናቲን ያፈጥበታል። ናቲ ስልኩን ወደ አንቴናው ምሰሶ አስጠጋ፤ በእግሩ ጣቶች ቆሞ ከራሱ በላይ አነሣው፤ ከዚያም ወደ ግራ ሁለት እርምጃ ሄደ። አጎትየው አፉን አልከደነም።

«ቆመ» አለ ናቲ። «ደግሞ ቆመ። ነቢላ፣ ጻፊ።»

ነቢላ ቀድማ ይዛዋለች። ከጽሕፈት ቤቱ በረንዳ ላይ፣ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ተቀምጣ ሰዓቷን አየችና በደብተሯ የቀኝ ገጽ ላይ «ሐሙስ፣ 12፡10፣ ቆመ» ብላ ጻፈች። የግራው ገጽ የሌላ ሥራ ነው፤ የሙቀት፣ የዝናብና የደመና ንባብ ይሰፍርበታል። የንባቡን ዕቃ የያዘው የእንጨት ሣጥኗ አጠገቧ ተቀምጧል።

«እኔ የምለው» አለ ናቲ ስልኩን እያራገበ፣ «ይሄ ኔት አንቺን ሲያይ ነው እንዴ የሚሸሸው? ሌላ ጊዜ ይሠራል፤ አንቺ ሣጥንሽን ይዘሽ ከች ስትዪ ጭጭ።»

በረንዳው ላይ የነበሩት ሳቁ። ነቢላም ሳቀች።

አሥራ ሁለት ናቸው። ሁሉም በአሰላ የአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ አባላት ሲሆኑ፣ ጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ የገብሱ ማሳ አልቆ የአስታው ቁጥቋጦ ከሚጀምርበት ሜዳ ላይ ድንኳን ከተከሉ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ቦታው ለተማሪዎችና ለተራራ ወጪዎች የተዘጋጀ ካምፕ ነው። የስልክ ኔትወርክ የሚባል ነገር አይደርስበትም። ያለው ምሰሶው ላይ የተሰቀለው አንቴና ከሩቅ የሚለቅመው ዋይፋይ ብቻ ነው። እሱም የፀሐይ ኃይሉ እንዳያልቅ በቀን አራት ጊዜ፣ በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ12 ሰዓት፣ ለአንድ አንድ ሰዓት ብቻ ይበራል።

ማክሰኞ እንደደረሱ የካምፑ ኃላፊ ኦቦ ዲሪባ የይለፍ ቃሉን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ጻፉላቸው። አሥራ ሁለቱም እኩል ስልካቸውን አወጡ። ያን ቀን የአንድም ሰው መልእክት አልሄደም፤ ሁሉም የሚሽከረከር ክብ ሲያይ አመሸ።

እቁቡን ያመጣችው ነቢላ ናት። እናቷ አስያ በአሰላ ገበያ ጨርቅ ትነግዳለች፤ የሴት ነጋዴዎቹ የእቁብ ዳኛም ናት። ነቢላ ከልጅነቷ ጀምሮ ዕጣ ሲጠቀለል፣ ሲበተንና ሲወጣ እያየች ነው ያደገችው። ስለዚህ ማክሰኞ ማታ እራት ላይ ሐሳቡን አቀረበች። በቀን ስምንት ግማሽ ሰዓት አለ፤ በሦስት ቀን ሃያ አራት ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ዙር ይደርሰዋል። ተራው የሆነ ሰው ብቻ ስልኩን ያገናኛል፤ ሌላው ያጠፋል። እንደማንኛውም እቁብ፣ የቸገረው ካለ ዕጣ የወጣለት መለወጥ ወይም መልቀቅ ይችላል። ያለ ተራው ሲገናኝ የተገኘ ግን ቀሪ ዙሩን ያጣል፤ ማንም እንዲለቅለት አይፈቀድም። የዳኛዋ ሁለተኛ ዕጣ ደግሞ ከሁሉም መጨረሻ ነው፤ እናቷ እንዲህ ነው የምታደርገው።

ቲቸር በዛብህ፣ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣው የባዮሎጂ መምህራቸው፣ ሐሳቡን በጣም ወደደው። ዳኛዋም ጸሐፊዋም ራሷ ነቢላ ትሁን ሲል የተቃወመ አልነበረም። የነቢላን ደብተር ክፍሉ ሁሉ ያውቀዋል። ስርዝ ድልዝ የለበትም። እናቷ እንዳስተማረቻት ሁለት ጊዜ ሳታይ አንድ ጊዜ አትጽፍም። «ነቢላ ከጻፈችው አለቀ» ይባላል፤ እሷም ይህ ሲባል ያልሰማች ትመስላለች እንጂ ትሰማለች።

እቁቡ ረቡዕ ጠዋት ተጀመረ። ችግሩም አብሮ ተጀመረ። አንድ ስልክ ብቻ መገናኘት ሲገባው መስመሩ በየመሐሉ ይታነቃል። ሐሙስ ማታ፣ የናቲ አጎት አፉን እንደከፈተ ሲቀር፣ የሁሉም ትዕግሥት አለቀ።

ቲቸር በዛብህ ኦቦ ዲሪባን ጠራቸው። ኦቦ ዲሪባ በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር መስመሩ ላይ ያሉትን ስልኮች ስም ማየት ይችላሉ። ከማየት አልፈው ግን ምንም አይነኩም፤ አንድ ጊዜ ነክተው አንቴናው ሳምንት ሙሉ ዝም ብሎባቸው ያውቃል። መነጽራቸውን አደረጉና ጎንበስ ብለው አነበቡ።

«ሁለት ናቸው» አሉ። «አንዱ ናቲ ይላል። አንዱ ደግሞ… ኢብሳ ጢቾ።»

ኢብሳ ከደረጃው ሥር ቆሟል። ወላጆቹ ያሉት ጢቾ ነው፤ እሱ ለትምህርት ሲል አሰላ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ክፍላቸው ውስጥ ሌላ ኢብሳ ስላለ ሁሉም «ኢብሳ ጢቾ» ይለዋል።

«የኔ ጠፍቷል» አለ። ስልኩን አውጥቶ አሳያቸው። እውነትም ዋይፋዩ ጠፍቷል።

«አሁን ስሙ ሲጠራ አጥፍተኸው ነዋ» አለ ናቲ።

«ወላሂ አልነካሁትም። ያ የድሮው ስልኬ ስም ነው። እሱን መስከረም ላይ መናኸሪያ፣ እንደሻው ሱቅ ወስጄ በዚህኛው ለውጬዋለሁ።»

«እና የድሮው ስልክህ ናፍቀኸው ጭላሎን በእግሩ ወጣ?»

ሳቁ ከበፊቱ የተለየ ነበር። ናቲ የአጎቱ ፊት አሁንም በእጁ ነው። አጎቱን ካየ ዓመት አልፎታል፤ የቀረው ዙር ደግሞ የለውም። ሁሉም ወደ ነቢላ ዞሩ።

ነቢላ ጥያቄ አላት። የተለወጠ ስልክ ስሙን ይዞ ሊኖር ይችላል? ከቻለስ እዚህ ማን ይዞት ይመጣል? ነገር ግን የአሥራ አንድ ሰው ዓይን ፊቷ ላይ ነው። ናቲም «ስሙ ተጽፏል እኮ፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» ይላል። እውነት ነው፤ ስሙ ተጽፏል። ብዕሯን አነሣችና በቀኙ ገጽ ላይ «ያለ ተራው የተገናኘ፦ ኢብሳ» ብላ አሰፈረች። ሁለት ጊዜ አላየችም።

የኢብሳ ቀሪ ዙር ዓርብ 9 ሰዓት ነበር። እሱን ለማግኘት ረቡዕ ዕለት ሁለት ሰው ለምኖ ዕጣውን ለውጧል። ወዲያው እንደገና ዕጣ ወጣበት፤ ለሳምራ ደረሳት። ሳምራ የነቢላ የልብ ጓደኛ ናት፤ ሦስት ቀን ሙሉ ያነሣቻቸው ፎቶዎች የሚለጠፉበት ጊዜ ስላገኘች ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።

ሌሎቹ ሲበተኑ ኢብሳ ወደ ነቢላ መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። እህቱ ፈይሩዛ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ስልኳን የሚሰጧት ዓርብ ብቻ ነው፤ አሠሪዎቿ ከጁምዓ በኋላ ምሳ በልተው ሲተኙ፣ በ9 ሰዓት፣ ግፋ ቢል ለግማሽ ሰዓት። ሦስት ዓርብ ሙሉ አልደወለችም። ባለፈው ሳምንት ግን ከሌላ ሰው ስልክ አጭር የድምፅ መልእክት ላከችለት። ዓርብ የምነግርህ ነገር አለ፣ ለእማዬ እንዳትነግራት ብላ ነበር።

«ሌላውን ሁሉ ውሰዱት» አላት ኢብሳ። «የነገውን ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ተዉልኝ።»

ነቢላ ሕጉ የእሷ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሁሉም እጁን አውጥቶ እንደተስማማበት ነገረችው። የተናገረችው እውነት ነው፤ ግን አፏ ውስጥ ደረቀባት። ኢብሳ ወደ ቲቸር በዛብህ ሄዶ ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጠለት። «እርስዎ ጋ ይደር» አለ። «ነገ ጠዋት ደግሞ ከቆመ ያን ጊዜ ታምኑኛላችሁ።»

ዓርብ ጠዋት በ3፡10 መስመሩ ቆመ።

የኢብሳ ስልክ በቲቸር በዛብህ የካፖርት ኪስ ውስጥ ጠፍቶ እንደተቀመጠ ነው። ግን ማንም ኢብሳ ባሰበው መንገድ አላሰበም። «የድሮውን ደብቆት ነው» አሉ። «ራሱ የድሮ ስልክ ነበረኝ ብሎ የለ እንዴ?» ናቲማ ኪሱ ይፈተሽ አለ። ቲቸር በዛብህ ቆጣ ብሎ አስቆመው፤ ቢሆንም ፊቱ ላይ ጥርጣሬ ይነበብ ነበር። ኢብሳ ሄዶ የዕፅዋት መቁጠሪያ ገመዱን ይጠቀልል ጀመር፤ ይጠቀልላል፣ ይፈታል፣ መልሶ ይጠቀልላል።

ነቢላ መቀመጥ አቃታት። ሰሌዳው ላይ የ3 ሰዓቱን ንባብ ገልብጣ ሣጥኗን አነሣችና ወደ ሴቶቹ ድንኳን ሄደች። ድንኳኑ ከጽሕፈት ቤቱ ራቅ ያለ ስለሆነ ዋይፋዩ እዚያ አይደርስም። ፍራሿ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ገለጠች። የቆመባቸውን ሰዓቶች ከላይ ወደ ታች አነበበች። ረቡዕ 3፡10፣ ረቡዕ 6፡10፣ ረቡዕ 9፡15። ሁልጊዜ የመጀመሪያው ዙር ይታመማል፤ ሁለተኛው ይድናል። ኢብሳ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛውን ዙር ለምን ይተወዋል?

አንድ መስመር ላይ ዓይኗ ቆመ። ሐሙስ፣ 6፡45። ያን ጊዜ ብቻ የመጀመሪያው ዙር ደህና ነበር፤ የታመመው ሁለተኛው ነው። ምን የተለየ ነገር ነበር? ሐሙስ በ6 ሰዓት በረዶ ጥሎ ነበር። እሷም እስኪያባራ ድንኳን ውስጥ ቆይታ…

ዓይኗ ወደ ግራው ገጽ ተሻገረ። «ሐሙስ፣ በረዶ ስለጣለ ንባቡ ዘገየ፤ 6፡35።»

ነቢላ ማስመሪያዋን በሁለቱ ገጾች ላይ አጋደመችና መስመር በመስመር ወደ ታች አወረደችው። ግራ፣ ንባብ 3፡00፤ ቀኝ፣ የቆመው 3፡10። ግራ 6፡00፤ ቀኝ 6፡10። ግራ 9፡05፤ ቀኝ 9፡15። ግራ 6፡35፤ ቀኝ 6፡45። አንድም የሳተ የለም። ከመለኪያው ቦታ እስከ ጽሕፈት ቤቱ በረንዳ የአሥር ደቂቃ ሽቅብ መንገድ ነው። ሣጥኗን ይዛ ትመጣለች፣ ከሰሌዳው ሥር ታስቀምጠዋለች፣ ቁጥሩን ትገለብጣለች። አሥር ደቂቃ። የናቲ ቀልድ ጆሮዋ ላይ አቃጨለ።

ሣጥኑን ከፈተች። ቴርሞሜትሩ፣ የዝናብ መለኪያው ብልቃጥ፣ ፎጣው። ከፎጣው ሥር ደግሞ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ። ሲም የለውም። ጥሩው ስልኳ ዝናብ እንዳይመታው ብላ እናቷ ለንባቡ ሥራ የገዛችላት ነው፤ ነቢላ በየንባቡ ቴርሞሜትሩንና የአራቱን አቅጣጫ ደመና በእሱ ፎቶ ታነሣለች። ማክሰኞ ዕለት፣ እቁብ የሚባል ነገር ሳይኖር፣ ሰዓቱን ለማስተካከል ብላ ከዋይፋዩ ጋር አገናኝታው ነበር። ከዚያ ረሳችው። ስልኩ ግን አልረሳም፤ በረንዳው ጋ በደረሰ ቁጥር ፎቶዎቹን ወደ ኢሜይሏ ይልካል።

ማስተካከያውን ከፈተች። ወደ ታች ገፋች። የስልኩ ስም፦ ኢብሳ ጢቾ።

«ከመናኸሪያ ነው የገዛሁት፤ ርካሽ ነው፣ ሲበቃሽ ጣዪው» ብላት ነበር እናቷ።

ሳምራ ሹራብ ልትወስድ ስትገባ ነቢላ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ እንዳፈጠጠች አገኘቻት። ነቢላ ስልኩን ሰጠቻት። ሳምራ አነበበች፣ ነቢላን አየች፣ እንደገና አነበበች። ከዚያ ድንኳኑን ዘግታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አንቺ አውቀሽ አላደረግሽው» አለች።

«እሱም አላደረገውም።»

«እሺ፣ አታካብጂው። አጥፊውና ሣጥኑ ሥር ክተቺው። ኔቱ ይስተካከላል፣ ሁሉም ይረሳዋል። ኢብሳም እህቱን በሚመጣው ዓርብ ያገኛታል።»

«በሚመጣው ዓርብ ስልኳን ባይሰጧትስ?»

ሳምራ የሹራቧን እጅጌ ጠመዘዘች። ቀጥላ የተናገረችው ግን ነቢላ ራሷ ሳትፈልግ ስታስበው የቆየችውን ነበር። ዛሬ ይህን ካወራች፣ ከዚህ በኋላ የምትጽፈውን ማን ያምናል? የክበቡ ሠንጠረዥ ሁሉ በእሷ እጅ የተጻፈ ነው። ናቲ ደግሞ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሙድ ይይዝባታል።

«ለማንም አልናገርም» አለች ሳምራ ስትወጣ። «ባንቺ ሞት።»

ነቢላ ስልኩን አጠፋችው። የወሰነችው ነገር አልነበረም፤ እጇ ብቻ ነው ያደረገው። በ6 ሰዓት ለንባብ ስትወርድ ስልኩን ድንኳን ትታ ቴርሞሜትሩንና ደብተሩን ብቻ ይዛ ሄደች። ተመልሳ ወደ በረንዳው ወጣች። ሰሌዳው ሥር ቆማ ሰዓቷን አየች። 6፡10። 6፡15። 6፡20። መስመሩ አልቆመም። ባለተራዋ ልጅ ከአባቷ ጋር እየሳቀች ታወራለች፤ የአባቷ ድምፅ እንደ ጎረቤት ሰው ጥርት ብሎ ይሰማል።

ነቢላ እፎይ ልትል ነበር። ያኔ ናቲ ከደረጃው ላይ ተነሣ።

«ኢብሳ የት ሄደ?» ሲል ጠየቀ።

ኢብሳና ሌሎች ሦስት ልጆች ለጁምዓ ከታች ካለው መንደር መስጊድ ከወረዱ ግማሽ ሰዓት ሆኗቸዋል።

«አያችሁ?» አለ ናቲ። «እሱ ሲሄድ ኔቱ ዳነ። ጠዋት የተጠራጠራችሁ ካላችሁ ይኸው ማረጋገጫው።»

ራሶች ተነቀነቁ። ቲቸር በዛብህ እንኳ ከንፈሩን መጠጠ። ሳምራ ዞር ብላ ነቢላን አየቻት፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

ነቢላ ዝም ብትል ነገሩ ባለበት የሚቆም መስሏት ነበር። አልቆመም። ዝምታዋ በኢብሳ ላይ ሌላ ማስረጃ ጻፈበት፤ ያውም በእሷ ሰዓት አያያዝ፣ በእሷ በረንዳ ላይ። ምሳ ቀረበ፤ አልበላችም። ወደ ድንኳኑ ሄደች፣ ተመለሰች። የገብሱን ማሳ ዳር ዳር ይዛ እስከ አጥሩ ወረደች፣ ወጣች። ጭላሎ አንዴ ጭጋጉን ይለብሳል፣ አንዴ ይገልጣል። ሰዓቷን በየሁለት ደቂቃው ታያለች። 7፡40። 8፡05። 8፡20።

8፡30 ላይ ልጆቹ ከመስጊድ ሲመለሱ ከሩቅ ታዩ። ሦስቱ እየተጫወቱ ይመጣሉ። ኢብሳ ከኋላ ብቻውን ነው። በረንዳው ጋ ሲደርስ ማንንም ሳያናግር ከምሰሶው ሥር ተቀመጠ። ስልክ በእጁ የለም፤ ተራም የለውም። ዝም ብሎ ሽቅብ ወደ አንቴናው ያያል።

ነቢላ ወደ ድንኳኑ ገባች። አሮጌውን ስልክ አወጣችና አበራችው። የስሙን ገጽ ከፈተች፤ እንዳይጠፋባት አውራ ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ ወደ በረንዳው ሄደች። ምን እንደምትል በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አዘጋጅታ ነበር። ስትደርስ አንዱም አልመጣላትም።

«ቲቸር» አለች። «ስልኩ እኔ ጋ ነው።»

ቲቸር በዛብህ አልገባውም። ነቢላ ስልኩን ሰጠችው። ደብተሩንም ከፍታ ሁለቱን ገጾች አሳየችው፤ ማስመሪያውን አጋድማ ሐሙስ ላይ አቆመችው። በረዶው የጣለበትን መስመር ሲያይ ቅንድቡ ወደ ላይ ሄደ። ልጆቹ አንድ በአንድ ተሰበሰቡ። ነቢላ ከመጀመሪያው ጀምራ ተናገረች፤ እናቷ ስልኩን ከየት እንደገዛች፣ ማክሰኞ እንዴት እንዳገናኘችው፣ ፎቶዎቹ እንዴት እንደሚላኩ። በ6 ሰዓት ኔቱ ያልቆመው ስልኩን አጥፍታ ድንኳን ስለተወችው እንደሆነም ተናገረች። ይህን ለመናገር ከሁሉም በላይ ከበዳት።

ናቲ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ እንደ ትናንቱ አጎቱ። ማንም አልሳቀም።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለ ኢብሳ። ከምሰሶው ሥር አልተነሣም።

«አምስት ሰዓት ላይ» አለች ነቢላ።

ኢብሳ ሌላ አልጠየቃትም። ልትመልስለት የምትፈልገው ብዙ ነገር ነበር፤ እሱ ግን ፊቱን አዞረ።

ቲቸር በዛብህ ሕጉ ምን እንደሚል ዳኛዋን ጠየቃት። ነቢላ ነገረችው። ያለ ተራው የተገናኘ ቀሪ ዙሩን ያጣል፤ ማንም አይለቅለትም። የእሷ ቀሪ ዙር ዛሬ የመጨረሻው ነው፤ እሱን አጥታለች። የኢብሳ ዙር ደግሞ በሐሰት ነው የተወሰደው። ግን የ9 ሰዓቱ ዕጣ በሥርዓት ለሳምራ ወጥቷል፤ ዳኛ ብትሆንም ያን መንጠቅ አትችልም።

ሁሉም ሳምራን አዩ። ሳምራ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች። ፎቶዎቿን ሁሉ መርጣ፣ ጽሑፋቸውን ጽፋ ጨርሳ ነበር።

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ?» አለች። ከዚያ ስልኳን ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከተተችና ወደ ምሰሶው ዞረች። «ለቅቄልሃለሁ፣ ኢብሳ። ቶሎ በል፤ አምስት ጉዳይ ነው።»

ቲቸር በዛብህ ካፖርቱን ዳበሰ፣ የኢብሳን ስልክ አወጣና ሰጠው። ትከሻውን ነካ አድርጎት አለፈ።

ነቢላ ግን የ9 ሰዓት ንባብ አለባት። አሮጌውን ስልክ ከቲቸር እጅ ተቀብላ አጠፋችው፤ ያም አልበቃት ብሎ ጀርባውን ከፍታ ባትሪውን አወጣች። ሁለቱን ለየብቻ ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጣ ቁልቁለቱን ወረደች። ከመለኪያው ቦታ ጽሕፈት ቤቱ እንደ ክብሪት ሣጥን ትንሽ ሆኖ ይታያል። ምሰሶው ቀጭን መስመር ነው። ከሥሩ አንድ ሰው ቆሟል፤ ሌሎቹ ራቅ ብለውለታል።

ቴርሞሜትሩን በዓይኗ አነበበች። ሁለት ጊዜ አየችው። 11 ዲግሪ። በግራው ገጽ ላይ ጻፈች። ደመናውን ፎቶ አላነሣችም፤ በቃል ጻፈችው። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

9፡03። ምሰሶው ሥር ያለው ሰው አልተንቀሳቀሰም። 9፡06። ስልኩን አየ፣ አወረደው፣ እንደገና አየ። 9፡08። ነቢላ ሳታውቀው ሣጥኑን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች፤ ውስጡ ያለው ነገር አሁንም ተነሥቶ ሊሄድባት የሚችል ይመስል።

በ9፡09 ኢብሳ ስልኩን ወደ ጆሮው አመጣ፣ መለሰና ፊት ለፊቱ ያዘው። ከዚያ ባለበት መሬት ላይ ቁጭ አለ። አንድ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚህ ሩቅ ፊቱ አይታይም። የሰማው ደግ ይሁን ክፉ ነቢላ ልታውቅ አትችልም፤ ላትጠይቀውም ትችላለች፣ እሱም ላይነግራት።

ወደ ደብተሩ የቀኝ ገጽ ተሻገረች። ማስመሪያዋን «ኢብሳ» ከሚለው ቃል መሐል አጋደመችና አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች። አልደለዘችውም፤ ከመስመሩ ሥር ስሙ እንዲነበብ ተወችው። ከላዩ «ነቢላ» ብላ ጻፈች። ገጹ እንግዳ ሆነባት፤ የሌላ ሰው ደብተር መሰላት።

ቀና ስትል ኢብሳ ተነሥቷል። ስልኩን በተዘረጋ ክንዱ ይዞ ቀስ ብሎ ይዞራል። ጭላሎን ያሳያል፤ ጭጋጉ ለጊዜው ገልጦታል። ከዚያ የገብሱን ማሳ፣ ድንኳኖቹን፣ ልጆቹን። ክንዱ እየዞረ መጥቶ ወደ ቁልቁለቱ፣ ወደ እሷ አቅጣጫ ሲደርስ ትንሽ ቆየ። ነቢላ እጇን ታንሣ ወይስ ጎንበስ ትበል ግራ ገባት። እስክትወስን ክንዱ አልፎ ሄደ።

ሰዓቷን አየች። ከዚያ አንድ ጊዜ ደግማ አየች፤ በቀኙ ገጽ፣ ከስርዙ በታች፣ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ዓርብ፣ 9፡15፣ አልቆመም።»